አባቴ የማንም መራጭ ያልሆነበት ቀን

ትናንት እዚህ ደሴ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር ወደ ታች ስወርድ፣ ከልጄ ቤት ፊት ለፊት ባለው ግንብ ላይ ሁለት ጎረምሶች ወረቀት ሲለጥፉ ደረስኩባቸው። የስብሰባ ጥሪ ይሁን የሙዚቃ ዝግጅት ማስታወቂያ አላነበብኩትም፤ ከዓይኔ አፍንጫዬ ቀደመ። በባልዲ ተበጥብጦ ያደረ የዱቄት ሙጫ ነበር፤ ኮምጠጥ፣ ሻገት ያለ ሽታው መንገዱን ሞልቶታል። ግንቡን ተደግፌ ቆምኩ። አንደኛው «አባባ፣ አሞዎት ነው?» አለኝ። «ደህና ነኝ፣ ሥራችሁን ሥሩ» ብዬው አለፍኩ እንጂ ደህና አልነበርኩም። ሌላው ሰው የድሮ ሽታ ሲያገኘው ዓይኑ እንባ ያቀርራል። እኔ የዱቄት ሙጫ ሲሸተኝ አፌን የሚሞላው ምራቅ ነው፤ የሚዋጥ ሳይሆን የሚተፋ። በዚያ ሙጫ የተለጠፈ አንድ ፊት አለ፤ በሱቄ በር ላይ ሳይቀር ተለጥፎ የከረመ፤ ያን ፊት ካሰብኩ ቀኑን ሙሉ እህል አይወርድልኝም።

ያን ጊዜ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ሱቄ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ የባቲና የደሴ አውቶቡሶች ጠዋት ጠዋት ጭሳቸውን በሚተፉበት ቅያስ ላይ ነበረች። አንዲት የእግር መኪና፣ አንድ የከሰል ካውያ፣ ጠርዙ የተሸረፈ አንድ መስታወት፤ ሀብቴ ይኸው ነው። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ሻይ በስሙኒ ይጠጣል፤ የሐረጎን ዳገት ተጠማዝዞ ደሴ ለመውጣት ሁለት ብር ይበቃል። ጎረምሳው ታፋው የሰፋ፣ ቁርጭምጭሚቱ የጠበበ ሱሪ ካልሰፋህልኝ ይላል፤ ሴቶቹ ትከሻው በስፖንጅ የቆመ ጃኬት ይወዱ ነበር። በገበያ ቀን የገጠሩ ሰው ሽርጡን አገልድሞ፣ ኮንጎ ጫማውን አጥልቆ፣ ልጆቹን አስከትሎ ይገባል፤ ለዒድ ካኪ ሱሪና ነጭ ሸሚዝ። ከፊት ለፊቴ ያለው የካሴት ሱቅ ባቲ ቅኝቱን ቀኑን ሙሉ ያንቆረቁራል፤ እኔ ጴንጤ ነኝና ዘፈን አልሰማም እላለሁ፣ እግሬ ግን መርገጫውን በዚያው ምት ነበር የሚመታው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጡሩምባ ሲነፋ ሠራተኛው በብስክሌትም በእግርም ይጎርፋል። ሰልባጅ ገና እንዲህ አላጥለቀለቀንም፤ ሰው ጨርቅ መርጦ፣ ተለክቶ፣ ሳምንት ጠብቆ ነበር የሚለብሰው። ዛሬ ልጄ ከሰልባጅ ተራ በፌስታል ይዛ ትመጣና «አባዬ፣ እስቲ ትከሻውን አጥብብልኝ» ትለኛለች። ሌላ አገር ያለ ሰው ትከሻ ነው። አጠብብላታለሁ።

አባቴ በፋብሪካው ቀለም ክፍል ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነበር፤ የጥፍሩ ሥር እስከ መጨረሻው ሰማያዊ ነው። ግቢያችን ከቦርከና ወንዝ አፋፍ ላይ ነበር። እኛ ጥቂት ቤተሰቦች እሑድ እሑድ እዚያው አባቴ በሠራው የቆርቆሮ ዳስ እየተሰበሰብን እንዘምር ነበር። ከወንዙ ማዶ የአያ ይማም ማሳ ይታያል። አያ ይማም ጢሙን በሂና የሚያቀላ፣ ማሽላውን እንደ ልጅ የሚንከባከብ ገበሬ ነው። ልጆቹን ሁሉ ለዒድ ያለበስኳቸው እኔ ነኝ። አባቴና እሱ ጠዋት ወንዙን መሀል አድርገው በጩኸት እንዴት አደርክ ይባባላሉ፤ ያ ድምፅ ሳይሰማ የዋለ ቀን ትዝ አይለኝም። በግቢያችን ጥግ ባለችው ክፍል ደግሞ ታደለ የሚባል መምህር ተከራይቶ ይኖር ነበር፤ ከገራዶ በኩል የመጣ፣ ቀጭን፣ ዓይን አፋር ወጣት። ወባ በያዘችው ጊዜ አባቴ ነው ያስታመመው፤ ሾርባ በእጁ እያጎረሰ። ምሳ ሲቀርብ «ታደለ መጥቷል ወይ?» ሳይል የሚቆርስ አባት አልነበረኝም።

የሚያስጨንቀን አንድ ነገር ነበር፤ ሙታችንን የምንቀብርበት ቦታ አልነበረንም። በቤተ ክርስቲያን ቅጽር የሚቀበረው የቤተ ክርስቲያኑ ምእመን ነው፤ በሙስሊሙ መቃብር ደግሞ ሙስሊሙ። በዚህ ማንንም አልወቅስም፣ ሁሉም የየራሱ ሥርዓት አለው። ደሴ የነበረችው ጠባብ ቦታም ሞልታለች፣ ለደሴዎቹም አልበቃችም። ከእኛ አንዱ ሲሞት መጀመሪያ የምንለው «የት እንውሰደው?» ነበር፤ ልቅሶው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ማመልከቻ ያልገባበት በር የለም። ጥያቄያችንን ታደለ እንደ እኛው ያውቀው ነበር፤ አንድ ግቢ ውስጥ እየኖረ እንዴት አያውቀው።

ምርጫ መጣ። ድርጅቱ፣ ያን ጊዜ ድርጅቱ ካሉ ማንም የትኛው ብሎ አይጠይቅም፣ ታደለን ለክልሉ ምክር ቤት አጨው። ደስ አለን። የእኛ ሰው፣ የግቢያችን ልጅ። ሱፍ ልብስ አልነበረውምና ግራጫ ጨርቅ መርጬ እኔ ሰፋሁለት። እጁን ዘርግቶ ስለካው «ዳኒ፣ የውስጥ ኪሱን ሰፋ አድርግልኝ፤ የሕዝብ ጥያቄ የሚያዝበት ነው» አለኝና ሳቅን። ከምርጫው በፊት ባለው እሑድ ያንን ሱፍ ለብሶ ዳሳችን ገባ። አብሮን አጨበጨበ። ከዚያ ተነሣና በበሩ በኩል ከወንዙ ማዶ ያለውን ባዶ ዳገት በጣቱ እያሳየ «ያ ቦታ የእናንተ መቃብር ይሆናል። ተመርጬ ይህን ካላስፈጸምኩ እዚህ ደጃፍ አልደርስም» አለ። አባቴ ሁለት እጁን በታደለ ራስ ላይ ጭኖ ባረከው። እናቶች አለቀሱ። የምርጫ ክልል የሚባለው መስመር ቦርከናን ይዞ እንደሚሄድ፣ ከወንዙ ወዲህ ያለው የከተማው ተመራጭ፣ ወዲያ ያለው የገጠሩ ተመራጭ ድርሻ መሆኑን ከእኛ መሀል የሚያውቅ አልነበረም። ታደለ ግን ያውቅ ነበር። እስከ ዛሬ የሚያንገሸግሸኝ ይኸ ነው፤ ጣቱን ሲዘረጋ የሚያሳየን የራሱ ያልሆነውን፣ የማይጠየቅበትን ዳገት መሆኑን እያወቀ ነበር።

ተመረጠ። በወሩ ክፍሏን ለቅቆ መሀል ከተማ ቤት ገባ። ባሕር ዳር ስብሰባ ላይ ነው ይባላል፤ ሲመለስ ግምገማ ላይ ነው ይባላል። ዓይን አፋርነቱ የት እንደሄደ እንጃ፤ ሲናገር ቃላቱን በቁጥር እየከፋፈለ «አንደኛ፣ ሁለተኛ» ማለት ጀመረ። የማውቀውን ልጅ «አንተ» ልበለው «እርስዎ» ምላሴ ግራ ገባት። መንገድ ላይ ሲያጋጥመኝ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ያልፋል። አባቴ ግን «ሥራ በዝቶበት ነው» እያለ ይሟገትለት ነበር፤ ለማንም ክፉ አያስብም።

አባቴ በሚያዝያ ሙቀት ሞተ፤ ጎሕ ሲቀድ፣ በእጄ ላይ። የኮምቦልቻን ሚያዝያ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ሬሳ አያሳድርም። ባለቤቴን አልማዝን ከሴቶቹ ጋር ትቼ በጠዋቱ ታደለ ቢሮ ሄድኩ። ብዙ አስጠብቆ አስገባኝ። የሰፋሁለትን ሱፍ ለብሷል።

«ዳኒ፣ ሰማሁ። አባቴ ነበሩ» አለኝና አንገቱን ደፋ።

«ዛሬ መቀበር አለበት፤ ቦታ የለንም። ያቺን ዳገት አስፈቅድልን፣ ለሌላው በኋላ እንነጋገራለን።»

«ማዶው እኮ የኔ የምርጫ ክልል አይደለም። እዚያ ብገባ ጣልቃ ገብነት ነው፣ አሠራር አለ። የገጠሩን ተመራጭ አነጋግሩት።»

«በዳሱ ውስጥ ቆመህ በጣትህ ያሳየኸን እኮ እሱን ነው።»

«ያ ቅስቀሳ ነው፣ ዳኒ» አለ፤ እንደ ቀላል ነገር። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ወዳጅ የሚመክር መስሎ «እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ እናንተ ስንት መራጭ ናችሁ? ለጥቂት ቤተሰብ ብዬ ከወረዳ ጋር ልጣላ?» አለኝ።

የማስታውሰው በዚያች አፍታ አባቴ አልጋው ላይ እግሩ ታስሮ፣ መንጋጋው በሻሽ ተጠምጥሞ እንደሚጠብቀኝና እዚህ ደግሞ ከእጁ የጎረሰ ሰው ቁጥር እየጠየቀኝ መሆኑን ነው። ወጥቼ የጭነት መኪና ላይ ተንጠላጥዬ ደጋን ከተማ ሄድኩ። የገጠሩን ተመራጭ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ አገኘሁት፤ ከሰዎች ጋር ሆኖ ጫቱን ይቀነጥባል። ቆሜ ነገርኩት። ተቀመጥ አላለኝም።

«ሟቹ የት ነበር የተመዘገቡት?» አለ።

«ኮምቦልቻ።»

«ታዲያ የመረጡት ሰው አላቸው አይደል? እኔን የመረጠኝ ገበሬው ነው። ተጠያቂነቴ ለሱ ነው። የከተማ ሬሳ ገበሬው መሬት ላይ ልጣል?»

ተጠያቂነት የምትለውን ቃል እንደ ከረሜላ ነበር የሚያገላብጣት። ተመለስኩ። ድምፅ ስትሰጥ አንድ ሙሉ ሰው ነህ፤ የምትቀበርበት ክንድ መሬት ስትጠይቅ በሁለት ሰዎች መሀል ያለ መስመር ትሆናለህ። ይህን ያህል ዘመን አልፎ እንኳ ቃል አልቀየርኩለትም፤ አስጸያፊ ነበር። ደሀ መሆን አያስጸይፍም፣ ሥልጣን መፈለግም እንደ ሰው ነው። ሬሳ ከፊትህ እያለ ካርታ መዘርጋት ግን ይከረፋል።

ፀሐይ አዘንብላ ግቢ ስደርስ አያ ይማም ከወንድ ልጆቹ ጋር አጥሩ ሥር ተቀምጧል። እግራቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነው።

«አብሽር ዳንኤል» ብሎ ተነሣ። «ቶሎ በል፣ ቀኑ ሄዷል። ቦታው ተቆፍሯል።»

«የት አያ ይማም?»

«ከማሽላዬ ራስጌ። ልጆቹ ከጠዋት ጀምረው ነው።»

«መሬቱን ይወስዱብዎታል። ሁለቱም እንቢ ብለዋል።»

«እነሱን አልጠየቅኋቸውም። አባትህን፣ በየጠዋቱ እንዴት አደርክ ያለኝን ሰው፣ ፀሐይ ላይ አውዬ ማሽላ ልዝራ? ወላሂ አላደርገውም። አንሡ በላቸው።»

አነሣነው። ቦርከና ያን ቀን እስከ ጉልበት ነበር። ቃሬዛውን ከፊት በቀኝ በኩል የያዘው አያ ይማም ነው፤ ሽርጡን ሰብስቦ፣ እግሩን በድንጋዩ መሀል እየፈለገ። መዝሙራችንን ስንዘምር እሱና ልጆቹ ራቅ ብለው ቆሙ፤ መዝሙሩ ሲያልቅ መዳፋቸውን ዘርግተው በዝምታ ዱዓ አደረጉ። አፈሩን መጀመሪያ እኔ፣ ቀጥሎ እሱ መለሰ። ያቺ ሰዓት ብቻ ናት በዚያ ሁሉ ዘመን ውስጥ የማትመርረኝ።

ታደለ በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ደረሰ። በመኪና መጣ፤ ድንኳን ገብቶ መሀረብ አውጥቶ «አባቴን አጣሁ» ብሎ ተንሰቀሰቀ። የማያውቁት እንግዶች አዘኑለት፣ አልማዝ ውሃ እንድታቀርብለት ተጠራች። ሰጥታው ወደ ጓዳ ስትመለስ «ብርጭቆውን ሁለቴ አጥባለሁ» አለችኝ። አልማዝ በሕይወቷ ክፉ ቃል ስትናገር የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ብዙ ሳይቆይ አያ ይማምን የገጠሩ ቀበሌ ጠራው። የመንግሥትን መሬት ያለ ሥልጣንህ አሳልፈህ ሰጥተሃል ተባለና ታሰረ። ሽማግሌ ሰው እንደ ሌባ ከጎረምሳ ጋር ቆለፉበት። ልጆቹ ቀንና ሌት ስንቅ ያመላልሳሉ፤ እኔ እንደገና ታደለ ዘንድ ሄድኩ። ለራሴ ቢሆን እግሬ አይረግጠውም ነበር። «ስለ አባቴ ስትል አንድ ቃል ተናገርለት፣ ያንተን ሥራ ሠርቶ ነው የታሰረው» አልኩት። ብዕሩን አስቀመጠና «ዳኒ፣ ይማም የኔ መራጭ አይደለም» አለኝ። በቃ፣ ይኸው ነው ያለኝ። ሽማግሌው ከተፈታ በኋላም ከመቃብሩ እስከ ወንዙ ያለችውን ምርጧን መሬት፣ ውሃ የምትጠጣዋን፣ ወሰዱበት። መቃብሩን አልነኩትም፤ መቃብር መንካት ጥሩ ወሬ አይሆንም። አያ ይማም ስለዚያች መሬት አንድም ቀን አንሥቶብኝ አያውቅም። የቀረችውን እያረሰ ይኖር ነበር፤ ከእኛ ሌላ ሰው ሲሞትም ልጆቹን ዶማ አስይዞ ቀድሞ ይቆማል።

ቀጣዩ ምርጫ ሲቃረብ የምርጫ ክልሉ መስመር ተቀየረ። ማን እንደቀየረው፣ ለምን እንደቀየረው የነገረን የለም፤ ከወንዙ ማዶ ያለው መንደር ወደ ከተማው ገባ ተባለ። በአንድ ጀንበር አያ ይማም የታደለ መራጭ ሆኖ አደረ። ዱቄቱ ተበጠበጠ፣ ያ ፊት በሱቄ በር፣ በአያ ይማም አጥር ላይ ሳይቀር ተለጠፈ። ፊቱ ወፍሯል፣ ሱፉም ሌላ ነው፤ ያኛው ሳይጠበው አይቀርም። ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ታደለ መድረክ ላይ ሆኖ «አባቴ ይማም» እያለ ከፊት ወንበር አስቀመጠው። ቀጥሎ ያስገኛቸውን ነገሮች ዘረዘረ። ሦስተኛ ላይ ሲደርስ «ለዘመናት ሲንከባለል የኖረው የወንጌላውያን ወገኖቻችን የመቃብር ጥያቄ በእኛ ጥረት ተመልሷል» አለ። ተጨበጨበ። አያ ይማም አላጨበጨበም፤ መሬት መሬት ያያል።

እጄን አወጣሁ። ዕድል የሰጡኝ ላመሰግን መስሏቸው ነው።

«አባቴን የቀበረው ከፊት የተቀመጠው ሰው ነው» አልኩ። «ለዚያም ታስሯል፤ መሬቱም ተወስዷል። አቶ ታደለ ያን ቀን ስንት መራጭ እንደሆንን ጠይቀውኛል። አያ ይማም አልጠየቀኝም። መቃብሩን ያገኘሁት ካልጠየቀኝ ሰው ነው።»

ታደለ ውሃ ተጎነጨ። ሰብሳቢው ግን ያለ አንዳች መደንገጥ ማይኩን ሳብ አደረገና «ወንድማችን እንደገለጹት የመቃብሩ ጥያቄ ምላሽ አግኝቷል፤ ስለሰጡት አስተያየት እናመሰግናለን» ብሎ ወደ ቀጣዩ አለፈ። አሁንም ተጨበጨበ። ያን ጭብጨባ የሚያጨበጭቡትን ሰዎች አውቃቸው ነበር፤ ልብሳቸውን የሰፋሁላቸው፣ በአባቴ ቀብር ወንዙን አብረውኝ የተሻገሩ አሉባቸው። ፈርተው ነው፣ ልጅ አላቸው፣ አልኩ ለራሴ። ታደለ ዛሬ እዚህ ደሴ ሱቅ የሚያከራይበት ፎቅ አለው ይሉኛል። በዚያ መንገድ አላልፍም፤ ዙሪያ ጥምጥም እሄዳለሁ።

የምርጫው ቀን አልማዝ አሞኛል ብላ ቀረች። እኔና አያ ይማም አብረን ሄድን፤ ሁለታችንም የምንታወቅ ሆነናል፣ መቅረት ለልጆቹ መዘዝ ነበረው። ነጭ ኮፊያውን አድርጎ፣ የታጠበ ሽርጥ ለብሶ፣ ሰልፉ ላይ ከፊቴ ቆመ። ጣቱን ቀለም አስነክተውት መጋረጃው ውስጥ ገብቶ ወጣ። ቀጥሎ እኔ። ስንመለስ ከትምህርት ቤቱ አጥር እንደራቅን «ምን አደረጉ አያ ይማም?» አልኩት።

«እንዳለ አጥፌ ከተትኳት። ምንም አልነካኋት። ውሸት ከምፈርም ባዶ ይሻለኛል። አንተስ?»

«እኔም እንደዚያው።»

ወንዙ ድረስ ቀለል ብሎን ሄድን። ቢያንስ ያቺ ባዶ ወረቀት የራሳችን ናት፣ ቆጥረው «እነዚህ አልፈለጉም» ይላሉ ብለን ነበር።

በማግሥቱ ውጤቱ ይነገራል ተብለን እዚያው ግቢ ተሰበሰብን። የጣቢያው ኃላፊ ደረጃው ላይ ቆሞ አነበበ። የተመዘገበው ሁሉ ድምፅ ሰጥቷል፤ የተሰጠው ሁሉ ለአቶ ታደለ ነው፤ ባዶ የለም፣ የተበላሸም የለም። ሰዉ አጨብጭቦ መበተን ጀመረ። አያ ይማም አልተንቀሳቀሰም። እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ «ባዶ ስንት ነው ያለው?» ሲል ጠየቀኝ።

«የለም ነው ያለው።»

እጁን ከጆሮው አውርዶ ጣቱን አየ።

«እንግዲያ እኔና አንተ ትናንት አልመጣንም ማለት ነዋ» አለ። የጣቱ ቀለም ገና አልለቀቀም ነበር።